የተጨመረው ሳይሆን ክሪስታል የሆነው ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ሬዚኖችና ክሪስታል ስለሚሠሩ ተጨማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብኩት። ሥራዬ የሬዚን፣ ማለትም ሲጠነክር ጠጣር ፕላስቲክ የሚሆን ቁስ፣ ናሙና መፈተሽ ነው። አምራቾች የሚልኩልንን ዕቃ እንቆርጣለን፣ እናሞቃለን፣ እንስባለን፣ ሆን ብለን እንሰነጥቃለን፤ ከዚያም ያገኘነውን ቁጥር ጽፈን እንመልሳለን። ይህ ሙያ በጋዜጣ ሲነሳ ማየት ብርቅ ስለሆነ ገጹን ቆርጬ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳይቻለሁ። ሆኖም በጽሑፉ መካከል፣ የተጨማሪው መጠን በጨመረ ቁጥር የሬዚኑ ጥንካሬም አብሮ ይጨምራል የምትል ሐሳብ ሰፍራለች። ይህችን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያንን አንብቦ ነገ ሬዚን የሚያዝ ሰው አለ፤ ያንን አንብቦ ለተማሪዎቹ የሚያስተምርም አለ። ቦታ ብትሰጡኝ ለምን እንደማያስኬድ ላስረዳ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምንነጋገረው አንዴ ከጠነከሩ በኋላ በሙቀት ዳግም ስለማይቀልጡ ፖሊመሮች ነው። ሊዮ ቤክላንድ በ1907 የሠራው ቤክላይት ከእነዚህ ነው፤ ዛሬ በየሥራው የምናገኛቸው ኢፖክሲና ያልተሟላ ፖሊስተርም እንዲሁ። ሬዚኑና ማጠንከሪያው ሲደባለቁ ሞለኪውሎቹ በየአቅጣጫው እርስ በርስ ይያያዙና መላው ዕቃ አንድ መረብ ይሆናል። ሙቀትን፣ ዘይትንና የብዙ ኬሚካሎችን ጥቃት የሚቋቋመው በዚህ መረብ ነው። ተሰባሪ የሚያደርገውም ይኸው መረብ ነው። ተራ ኢፖክሲ በግትርነቱ የሚታማ አይደለም፤ ወደ 3 ጊጋፓስካል ይደርሳል። ጉዱ የሚታየው ስንጥቅ ሲጀምር ነው። አንድ ካሬ ሜትር አዲስ የስንጥቅ ገጽ ለመክፈት የሚፈጀው ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ጁል ብቻ ነው። ሞለኪውሎቹ ስለታሰሩ ከስንጥቁ ጫፍ ፊት ያለው ቁስ ተለጥጦ ጉልበቱን መዋጥ አይችልም፤ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። የተሰበረውን ገጽ ስታዩት እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው።

ለዚህ በሽታ የተገኘው የመጀመሪያው ትልቅ መድኃኒት ጎማ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማክጋሪና ሱልጣን ፈሳሽ ጎማ በኢፖክሲ ውስጥ አሟምተው፣ ሬዚኑ ሲጠነክር ጎማው በዓይን የማይታዩ እንክብሎች ሆኖ እንዲለይ አደረጉ። ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ በብዙ እጥፍ አደገ። ግን ጎማ ለስላሳ ነው፤ የግትርነቱ ቁጥር ይወርዳል፣ ሳይለይ ተሟምቶ የቀረው ጥቂት ጎማም ሬዚኑ የሚለሰልስበትን ሙቀት ወደ ታች ይስባል። መሐንዲሶች ይህን ዕዳ ለብዙ ዘመን ሲከፍሉ ኖረዋል።

ክሪስታል የሚሠሩ ተጨማሪዎች ሐሳብ የሚማርከኝ እዚህ ላይ ነው። ተጨማሪው ዕቃው በሚመረትበት ሙቀት ላይ ፈሳሽ ነው፤ ከሬዚኑ ጋር ሲሟሟ ድብልቁን ያቀጥነዋል፣ የመስታወት ወይም የካርቦን ክሮች መካከል ሰርጎ እንዲገባም ይረዳዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ እንደ ተራ ማሟሚያ ተንኖ መውጣት የለበትም። በመረቡ ውስጥ ይለያል፣ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ይሆናል፣ ከጎማም እጅግ የበለጠ ግትር የሆነ ጠጣር አካል ሆኖ ይቀራል። ለማምረት የረዳው ነገር ለአገልግሎትም ይረዳል። በኬሚስትሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ሁለት ጊዜ የሚያገለግል ነገር ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ጸሐፊያችሁ የተሰማውን መደነቅ እኔም እጋራዋለሁ።

ይህን በዓይን ማየትም ይቻላል። ከጠነከረው ሬዚን በጣም ስስ ቁራጭ ቆርጠን፣ የሚሞቅ ማስቀመጫ ባለው ማይክሮስኮፕ ላይ በሁለት የተጠላለፉ የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል እናስቀምጠዋለን። የኢፖክሲው መረብ ሥርዓት ስለሌለው ብርሃኑን አያዞረውም፤ ሜዳው ጨለማ ነው። ሙቀቱን ቀስ እያልን ስናወርድ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ በአንድ ጥግ ነጭ ነጥብ ይበራል፣ ቀጥሎ ሌላ። ነጥቦቹ እያደጉ ክብ ይሆናሉ፤ በያንዳንዱ ክብ መሐል ጥቁር መስቀል ይታያል። ከመሐል ወደ ዳር የሚዘረጉት የክሪስታል ቅጠሎች ብርሃኑን የሚያዞሩበት አቅጣጫ ነው መስቀሉን የሚሠራው። አዲስ ባልደረባ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ከሁሉ በፊት የማሳየው ይህን ነው።

ታዲያ ጨለማው ሜዳ ጨለማ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ያ ናሙና በውስጡ ተጨማሪ የለውም ማለት አይደለም። ተጨማሪው አለ፤ ክሪስታል ግን አልሆነም። የደብዳቤዬ ጉዳይ በሙሉ ይህ ነው።

ነገሩን በፖሊካፕሮላክቶን ላስረዳ፤ ከእነዚህ ተጨማሪዎች መካከል በብዛት የተጠና ነው። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፣ ካልጠነከረ ኢፖክሲ ጋርም በደንብ ይሟሟል። ማጠንከሪያው ሥራውን ሲጀምር የሬዚኑ ሞለኪውሎች እየረዘሙ ይሄዳሉ፤ ረጅም ሞለኪውሎች ደግሞ እርስ በርስ ለመሟሟት ያላቸው ፍላጎት አነስተኛ ስለሆነ ድብልቁ ወደ መለያየት ያዘነብላል። በዚሁ ጊዜ ግን መረቡ እየጠበቀ ነው። ውድድር ነው፦ መለያየቱ መረቡ ከመያዙ በፊት ካልተከናወነ ተጨማሪው በያለበት ይታሰራል። የማጠንከሪያው ዓይነትም ይወስናል። ኢፖክሲ ከአሚን ጋር ሲገናኝ በመረቡ ላይ የሃይድሮክሲል ቡድኖች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ ፖሊካፕሮላክቶኑን በሃይድሮጂን ትስስር ስለሚይዙት በአንዳንድ የአሚን ማጠንከሪያዎች ጭራሽ ሳይለይ ይቀራል። አንሃይድራይድ በሚባለው ሌላ ዓይነት ማጠንከሪያ ሲጠነክር ግን ይለያል። ያው ሬዚን፣ ያው ተጨማሪ፣ ያው ሚዛን ነው፤ ማጠንከሪያው ብቻ ተቀይሮ ውጤቱ ሌላ ዕቃ ሆነ።

ሳይለይ የቀረ ተጨማሪ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማለስለሻ ይሆናል። የድብልቅ ፖሊመርን የመለስለሻ ሙቀት ለመገመት የምንጠቀምበት የታወቀ የፎክስ ቀመር አለ። የመለስለሻ ሙቀቱ 150 ዲግሪ በሆነ ኢፖክሲ ውስጥ 10 በመቶ ፖሊካፕሮላክቶን ሙሉ በሙሉ ተሟምቶ ቢቀር፣ ቀመሩ ወደ 112 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። መጠኑን 20 በመቶ ብናደርገው ወደ 80 ይወርዳል። መጠኑ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ክሪስታል ካልሆነ፣ በጨመሩ ቁጥር የሚጨምረው ጉዳቱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ ገጥሞኛል። አንድ አምራች ለሙቀት የተጋለጠ የማሽን ሽፋን ሠርቶ፣ 10 በመቶ ክሪስታል የሚሠራ ማጠናከሪያ እንደያዘ የሚገልጽ ወረቀት አያይዞ ላከልን። ወረቀቱ ሐሰት አልነበረም፤ ተጨማሪው በትክክል ተመዝኖ ገብቷል። ሽፋኖቹ ግን በሥራ ላይ እየጎበጡ ነበር፤ ደንበኛው ሬዚኑ በቂ ማጠናከሪያ የለውም ብሎ መጠኑ ከፍ እንዲልለት ጠይቆ ነበር። ከሽፋኑ ትንሽ ፍርፋሪ ወስደን በካሎሪሜትር አሞቅነው። ይህ መሣሪያ ናሙናው ሲሞቅ የሚወስደውን ሙቀት በመስመር ይስላል፤ ክሪስታል ካለ በመቅለጫው ሙቀት ላይ መስመሩ ጉብታ ያወጣል። ሙሉ በሙሉ ክሪስታል የሆነ ፖሊካፕሮላክቶን ለመቅለጥ በግራም 136 ጁል ገደማ ይፈጃል። በናሙናው ውስጥ ያለው 10 በመቶ ስለሆነ፣ ግማሹ እንኳ ክሪስታል ቢሆን በግራም ወደ 7 ጁል የሚጠጋ ጉብታ መታየት ነበረበት። መስመሩ 60 ዲግሪን ሲያልፍ ቀጥ ብሎ አለፈ። ቅንጣት ክሪስታል አልነበረበትም። የመለስለሻ ሙቀቱም መሆን ከነበረበት እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ደንበኛው የጠየቀው ጭማሪ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ ይበልጥ ይጎብጥ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ያ ወረቀት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ የሚገዛው «10 በመቶ» የሚል ቁጥር ታይቶ ነው። ያ ቁጥር የሚዛኑን ታሪክ እንጂ የዕቃውን ጠባይ አይነግረንም። ለመለካት የሚያስፈልገው ጥቂት ሚሊግራም ናሙናና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ ስንት ክሪስታል እንዳለ የሚገልጽ መስመር በወረቀቱ ላይ አለመኖሩ ምንም ምክንያት የለውም።

ክሪስታሉ ተፈጠረ እንበል። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት በስንት ዲግሪ ይቀልጣል ነው። ፖሊኢቲሊን ኦክሳይድ በ65 ዲግሪ ገደማ፣ ዳይሜቲል ሰልፎን በ109፣ ፖሊቡቲሊን ቴሬፍታሌት ከ220 በላይ ይቀልጣሉ። ዕቃው ከዚያ ሙቀት ሲያልፍ ማጠናከሪያ የነበረው ሁሉ በመረቡ ውስጥ የታቆረ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃም አለ፤ ዳይሜቲል ሰልፎንና ፖሊኢቲሊን ኦክሳይድ ሁለቱም በውሃ የሚሟሙ ናቸው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እርጥብ ለሚሆን ገጽ አልመክራቸውም። ጽሑፋችሁ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ ማለፉ ለአንባቢ ደግ አልሆነም።

መቅለጡ ራሱ የሚፈለግበት ሥራም እንዳለ ግን ልመስክር። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ኢፖክሲውና ፖሊካፕሮላክቶኑ ቦታ እንዲለዋወጡ አድርጎ ነበር፤ ኢፖክሲው የተያያዙ እንክብሎች፣ ፖሊካፕሮላክቶኑ ደግሞ በመካከላቸው የሚሮጥ ተያያዥ አካል ሆነ። የተሰነጠቀው ናሙና ሲሞቅ ፖሊካፕሮላክቶኑ ቀልጦ ይሰፋል፣ ከእንክብሎቹ መካከል ወጥቶ ስንጥቁን ይሞላል፣ ሲቀዘቅዝም ክሪስታል ሆኖ ይይዘዋል። ለመሸከም ሳይሆን ለመጠገን የተቀመጠ ክሪስታል ነው። እዚያ መቅለጡ ጉድለት ሳይሆን የተመረጠበት ምክንያት ነው።

ለመሸከም የተቀመጠውን በተመለከተ ግን ከሁሉ የምወደው ሥራ ኪም እና ሮበርትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 ያሳተሙት ነው። እነርሱ ተጨማሪውን አላሟሙትም፤ ፖሊቡቲሊን ቴሬፍታሌትን በዱቄት መልክ፣ ክሪስታልነቱ እንዳለ፣ በኢፖክሲው ውስጥ በተኑት። ናይለን 6 እና ሌላ ክሪስታላዊ ፖሊመርም ለንጽጽር ሞከሩ። እነዚህ ሁለቱ ስንጥቅን በመቋቋም ከተመሳሳይ መጠን ጎማ ጋር ተቀራራቢ ሆኑ፤ ፖሊቡቲሊን ቴሬፍታሌቱ ግን እጥፍ ገደማ በለጠ፤ ግትርነቱም አልወረደም። ምክንያቱን ሲፈልጉ የቀረበው ማብራሪያ፣ ከስንጥቁ ጫፍ ፊት ባለው ውጥረት የእንክብሉ ክሪስታል መልኩን ይለውጣል የሚል ነው። ለውጡ ጉልበት ይበላል፣ ስንጥቁንም ይዞ ያቆየዋል። በ1975 በዚርኮኒያ ሴራሚክ ላይ የተገለጸው ብልሃት ወገን ነው። ከዚህ ሌላ ስንጥቁ በእንክብሎቹ መካከል ሲያልፍ፣ ጅረት ድንጋይ ሲገጥመው እንደሚያደርገው፣ ተከፍሎ ይዞርና መንገዱ ይረዝምበታል። ሦስቱም ተጨማሪዎች ክሪስታላዊ፣ መጠናቸውም እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ሌሎቹን በእጥፍ መብለጡን ልብ በሉልኝ። የመጠን ጉዳይ አይደለም ስል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለኝም።

ጎማን አንስቼ በክፉ ብቻ ብተወው ደግሞ አይገባም። የተፈጥሮ ጎማ ራሱ፣ ቻርልስ ጉድይር በ1839 በድኝ ማሰር ከጀመረ ወዲህ፣ መረብ ሆኖ የሚኖር ፖሊመር ነው። ካትዝ የተባለ ሳይንቲስት በ1925 የተለጠጠ ጎማን በኤክስሬይ ሲመረምር ሳይለጠጥ ያልነበሩ የክሪስታል ምልክቶች አየ። ጎማው ሲለጠጥ ሞለኪውሎቹ ይሰለፋሉ፣ የተሰለፉትም ክሪስታል ይሆናሉ፤ ሲለቀቅ ክሪስታሉ ይጠፋል። ማንም ምንም አልጨመረበትም። ክሪስታሉ የሚወለደው ውጥረቱ በበረታበት፣ ማለትም በስንጥቁ ጫፍ ላይ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ለከባድ ተሽከርካሪዎችና ለአውሮፕላኖች ጎማ ሰው ሠራሹ የተፈጥሮውን ሙሉ በሙሉ ሳይተካ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተጨማሪ በማስገባት ልንሠራው የምንደክምበትን ዛፍ ሲሠራው ኖሯል።

አቀዛቀዙንም ሳላነሳ አላልፍም። ክሪስታል ለመጀመር ዘር ያስፈልገዋል። ተጨማሪው እጅግ ደቃቅ በሆኑ ጠብታዎች ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ጠብታ የየራሱን ዘር ማግኘት አለበት፤ ያላገኘው ከመቅለጫው ሙቀት ብዙ ዲግሪ ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በሌላ ወገን በዝግታ የቀዘቀዘ ትልቅ ጠብታ ትልልቅ ክሪስታል ያበቅላል። ክሪስታል ከፈሳሹ የጠበቀ ስለሆነ ሲፈጠር ይኮማተራል፤ ከመረቡ ጋር ያለው መጣበቅ ደካማ ከሆነ በዳርቻው ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት ለስንጥቅ የተዘጋጀ መነሻ ነው። በተጨማሪም እንደ ፖሊካፕሮላክቶን ያለው ቁስ በክፍል ሙቀት ሞለኪውሎቹ ስለሚንቀሳቀሱ ዕቃው ከተሠራ በኋላም ክሪስታሉ ቀስ በቀስ ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት የተለካ ቁጥር ከወራት በኋላ ያው ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ናሙናው መቼ እንደተፈተሸ ያልጻፈ ሪፖርት ለእኔ ግማሽ ሪፖርት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። በብርድ ቦታ የተቀመጠ ኢፖክሲ በርሜሉ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲረጋ ይታያል። ያም ክሪስታል ነው፤ ንጹሑ የኢፖክሲ ሞለኪውል ራሱ በ40 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ክሪስታል ይሠራል። ነገር ግን ይህ ማጠናከሪያ አይደለም። እንደረጋ ከማጠንከሪያ ጋር ከተደባለቀ ሬሾው ይዛባል፣ ያልተያያዘ ቦታም ይቀራል። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቆ፣ በደንብ አማስሎ፣ ሙሉ በሙሉ ሲጠራ መጠቀም ነው። ሬዚኑ አልተበላሸም፤ ማንም እንዳይጥለው።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ያችን ሐሳብ በሚቀጥለው እትም እንዲያርምልኝ ነው። እርማቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ ጥቅሙ የሚገኘው ተጨማሪው ከመረቡ ተለይቶ ክሪስታል ሲሆን መሆኑን፣ ካልሆነ ግን ሬዚኑን እንደሚያለሰልሰው ቢገልጽ ይበቃኛል። ሬዚን የምትገዙ አንባቢያን ደግሞ ሻጩን ከመቶኛው ጋር ሌሎች ቁጥሮችም ጠይቁት፦ ከተጠናቀቀው ዕቃ ላይ የተለካውን የመቅለጫ ሙቀትና ጉልበት፣ ተጨማሪው ሳይኖርና ኖሮ የታየውን የመለስለሻ ሙቀት፣ ስንጥቅ ለማስኬድ የፈጀውን ጁል። የተጠቀመበትን ማጠንከሪያ ስምም አብሮ ይስጣችሁ። እነዚህን የማይሰጥ ሻጭ ምናልባት አልለካቸውም፤ ካልለካቸው ደግሞ እናንተ ሳትከፍሉ በፊት ይለካቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
በፖሊመር ፍተሻ ክፍል የሚሠራ አንባቢያችሁ